የጫኝ ዓይን

አባቴ ቡሽራ ቃሲም፣ የጫኞች አለቃ፣
ፉርጎው ሲጢጥ ብሎ ከመድረኩ ሲበቃ
ሚዛን አይጠይቅም፤ ዓይኑን ጠበብ አድርጎ
ሰውን ከቁርጭምጭሚት እስከ ማጅራት ፈልጎ
«አንተ ስኳር» ይላል፣ አንዱን በአገጩ ጠርቶ፣
«አንተ ደግሞ ሲሚንቶ፤
አንተ ግን ተቀመጥ፣ ትናንት አልበላህም፣
እኔን አትሸውደኝም።»
በአርባ ዓመት ውስጥ፣ ይላሉ አብረውት የጫኑ፣
ሁለቴ ብቻ ነው የሳተ የዓይን ሚዛኑ፤
ሁለቱም ዝናብ የጣለ ቀን።

እኔም የእሱ ልጅ ነኝ፣ ጫኝ ነኝ በጠርሙስ፤
የኔ ተሸካሚ ትከሻ የለው፣ ላብ አያውቅ፣ አይጠይቅ ጉርስ፤
ክር ነው፣ ዓይን የማያየው ክር፣
ግማሹ ውኃ ሲያይ የሚቦርቅ፣ ግማሹ የሚደነብር።
ፈሪው እርስ በርስ ተቃቅፎ ወደ መሃል ይሸሻል፣
ደፋሩ ደጅ ቆሞ እንደ ጀጎል ይከልላል፣
መሃሉ ጓዳ ይሆናል።
እዚያ ጓዳ ነው የምሸሽገው ያን ግትር መድኃኒት፣
ከውኃ ጋር ላይታረቅ የማለ ይመስል ከጥንት፣
በሽተኛው ውጦት፣ ጋደም ብሎ፣ ተስፋ አድርጎ፣
ሆዱን አቋርጦ የሚያልፈውን፣ እንደ ታሸገ ፉርጎ።

ስሙን «ፖሊመር» አልኩት ለአባቴ።
«ደሞዙስ ስንት ነው?» አለኝ።

ጥያቄዬ ግን የእሱ ነው፣ የጣቢያው ጥያቄ፦
ስንት ይሸከማል?
ዱቄቱ እንደ ወርቅ በግራም ነው የሚገዛ፣
ሞክሬ ልደፋው አልችልም እንደ ዋዛ።
ስለዚህ ኮምፒውተሩ ሌሊት ያሰላል፣
የመድኃኒቱን ጠባይ ከክሩ ጠባይ ያስተያያል፣
እንደ ጋብቻ ሽማግሌ ዘር ይቆጥራል፤
ማን ከማን ይስማማል፣ ማን ማንን ይገፋል።
አንድ ሌሊት፣ የሳቢያን ውሾች ሲጮኹ፣
«ከመቶ ሠላሳ» አለኝ።

ጠዋት ቀላቀልኩት። ሠላሳውን ያዘ።
ጠርሙሱ ጠራ፣ በብርሃን ሲያዩት ሰማያዊ ጭጋግ አረገዘ።
ሆዳን እልል አለች፣ ጓንቷን ሳታወልቅ።
ከሰዓት በኋላ መብራት ሄደ፣
የሙቀት ሣጥኑ ጠፋ።
ግን ድሬ ነው፣ ግንቦት ነው፣
ጥላው ሠላሳ ሰባት ነው፣
ልክ እንደ ሰው ገላ።
ከተማው ራሱ ገላ ሆነልኝ፤ ጠርሙሴን በብብቱ ያዘ።

በሦስተኛው ቀን ታች ዘቀጠ፣ ነጭ፣ መርፌ መርፌ፣
ጎርፉ ካለፈ በኋላ እንደ ደቻቱ አሸዋ።
ሸክሙን ጥሎታል።

ማታ ገንደ ቆሬ ሄድኩ። አባቴን አሁን ሞራ ጋርዶታል፣
ያ ዓይን ሰው አይመዝንም፣ ድምፅ ግን ይመዝናል።
«ሠላሳ ነበር ያልሽኝ።»
«አዎ።»
«ከየት እስከ የት?»

ዝም አልኩ።

«ማንሳትማ ማንም ያነሳል።
ከፉርጎው እስከ መጋዘኑ ሁለት መቶ እርምጃ ነበር፤
እኔ የማየው ሁለት መቶኛዋ ላይ የሚቆመውን ነው።
ደግሞ ሸክሙንስ አየሽው?
ስኳር ጀርባ ላይ ይተኛል፣ የጀርባን ቅርፅ ይለምዳል፤
ምስማር ግን የሚወደው ምስማርን ነው፣
ሣጥኑ ውስጥ አንድ ጥግ ተሰብስቦ
ተሸካሚውን ይወጋል።
ውኃስ? ውኃ አልገባበትም? ያኔ ሁለቴ የሳትኩት...»
አልጨረሰውም። ውኃ አምጪልኝ አለ፤ ጠጣ።

ተመልሼ ስሌቱን ከፈትኩ፤
ከቁጥሮቹ ጎን አዲስ ዓምድ አሰመርኩ፣
ርዕሱን «ከየት እስከ የት» አልኩ።
መድኃኒቱ ለራሱ ያለውን ፍቅር አስገባሁ፣
በጓዳው ስንጥቅ የሚሾልከውን ውኃ አስገባሁ፣
ሠላሳው እየቀለጠ አሥራ አንድ ላይ ቆመ።

አሥራ አንድ ትንሽ ናት።
በአሥራ አንድ ማንም ለስብሰባ አይጠራም።
ዛሬ ግን ዘጠነኛ ቀኗ ነው፣ ጠርሙሱ እንደ ጠራ፣
መብራትም ሄዷል፣ ድሬም ትሞቃለች።
ሆዳን ዘንድሮ እልል አላለችም።
ጠርሙሱን ወደ መስኮቱ አንስታ ቆየችና
«እስቲ አሥረኛውን እንይ» አለች፣
ጓንቷን እያወለቀች።